ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ድረስ፦ የመዘግየት ምክንያቶችና መፍትሔዎቻቸው

በሐዋሳ ከተማ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ለነዋሪዎች፣ ለጽሕፈት አገልግሎት ሰጪዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



 ርእሱ ሲነበብ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። «ዶክተር የተባለ ሰው ኮምፒውተር ለምን ቶሎ አይነሣም በሚል ጉዳይ ንግግር ሊያደርግ ይቆማልን?» ያለ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ግን የቆምሁት ለማስተማር ብቻ አይደለም። በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ ጊዜ በችኮላ የሰጠሁት ምክር በሰው ሥራ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለመናገርም ጭምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ ወደ ቤቴ ስመለስ የማልፍባት አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ይተየብባታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማለዳ ባለቤቷ ከደጅ ጠራችኝ። «ዶክተር፣ እባክዎ ይህን ነገር ይመልከቱልኝ። አብርቼው ሱቁን እጠርጋለሁ፣ ደጁን ውኃ እረጫለሁ፣ ቡና አፈላለሁ፤ ስመለስ ገና ክቡን እያዞረ ነው» አለችኝ። ሁለት ደንበኞች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔም ለክፍል ቸኩዬ ስለነበር፣ ሳልቀመጥ፣ ሳልጠይቅ፣ ሳልመረምር፣ «እኅቴ፣ ይህ የሚሻለው ፎርማት ቢደረግ ነው» ብዬ አለፍሁ።

እርሷም የዶክተር ቃል ነውና አመነች። ባለሙያ ተጠርቶ ፎርማት ተደረገ። ከዚያ በፊት በሰነዶች ማኅደር ውስጥ ያለውን ሁሉ በፍላሽ ገልብጣ ነበር። ነገር ግን የአንድ ተመራቂ ተማሪ ጽሑፍ የተቀመጠው በማኅደሩ ውስጥ ሳይሆን በዴስክቶፑ ላይ ነበር፤ እርሱም ጠፋ። ተማሪው ሌላ ቅጂ አልነበረውም። በእጅ ከተጻፈው ረቂቅ እንደገና ሲተየብ ቀኑ አለፈበት፤ ጽሑፉንም ያቀረበው ከጓደኞቹ ዘግይቶ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሩ ለጥቂት ቀን ፈጥኖ ሲነሣ ሰንብቶ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሃርድ ዲስኩ ጨርሶ ሞተ። ሕመሙ ለካ ሌላ ነበር። መዘግየቱ የዲስኩ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እኔ ግን ማስጠንቀቂያውን እንደ ቆሻሻ ቆጥሬ እንዲጠረግ አዘዝሁ።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ቀስ ብሎ የሚነሣ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ኮምፒውተር አይደለም፤ አንድን ነገር የሚጠብቅ ኮምፒውተር ነው። ምን እንደሚጠብቅ ሳናውቅ ፎርማት ማድረግም ሆነ አዲስ መግዛት፣ በሽተኛውን ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚሆነውን በቅደም ተከተል እንመልከት። ራም የምንለው የሥራ ማኅደረ ትውስታ ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በየማለዳው የሚነቃው ማንነቱን እንኳ ሳያውቅ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው በዋናው ሰሌዳ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ነው፤ በቀድሞዎቹ ማሽኖች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። እርሱ ራሙን፣ የቁልፍ ሰሌዳውንና ዲስኩን ይፈትሻል። ከዚያም ከዲስኩ ላይ ዊንዶውስን ወይም ሌላውን ሥርዓተ ክወና ፈልጎ ሥራውን ያስረክባል። ሥርዓተ ክወናው በተራው ብዙ ሺህ ጥቃቅን ፋይሎችን ከዲስክ ወደ ራም ያመጣል። በመጨረሻም እኛ በየጊዜው የጫንናቸው ፕሮግራሞች «እኔም ከመጀመሪያው ልኑር» እያሉ አንድ በአንድ ይገባሉ።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀውን መዝገብ ቤት ላስታውሳችሁ። ጠዋት 2፡30 ላይ ቢሮ ሲከፈት ኃላፊዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፋይል ይምጣልን ቢሉና መዝገብ ቤቱ አንድ ሠራተኛ ብቻ ቢኖረው፣ ያ ሠራተኛ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ሲመላለስ ኃላፊው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። በኮምፒውተር ውስጥ ኃላፊው ፕሮሰሰሩ ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ነው።

የዚህ ሠራተኛ ፍጥነት በቁጥር ሊሰላ ይችላል። በተለመደው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያሉት ሳሕኖች በደቂቃ 7200 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራሉ። አንዱ ዙር 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። የምንፈልገው መረጃ ከንባብ ክንዱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ፣ 4.2 ሚሊ ሰከንድ ያህል እንጠብቃለን። ክንዱ ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር ለመድረስ 9 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ድምሩ 13 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስለዚህ በየቦታው ተበትነው የተቀመጡ ትንንሽ ፋይሎችን የሚያነብ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ75 ጥያቄዎች ብዙም አያልፍም። ኮምፒውተሩ ለመነሣት 10,000 እንዲህ ያሉ ንባቦች ያስፈልጉታል እንበል፤ በዚህ ስሌት ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። በደቂቃ 5400 ጊዜ በሚዞረው የላፕቶፕ ዲስክ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል።

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ በአይቢኤም ኩባንያ ለገበያ የቀረበው በ1956 እ.ኤ.አ. ነበር። 50 ሳሕኖች ነበሩት፤ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ያህል ሲሆን አንድ መረጃ ለማግኘት በአማካይ 600 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የዲስክ የመያዝ አቅም በሚሊዮን እጥፍ ጨምሯል። መረጃን ፈልጎ የማግኘት ፍጥነቱ ግን፣ ከ600 ወደ 13 ሚሊ ሰከንድ ቢወርድም፣ ሃምሳ እጥፍ እንኳ አልሞላም። ምክንያቱም የሚንቀሳቀስ ብረት የራሱ ወሰን አለው። ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የሚዞርም የሚንቀሳቀስም አካል የለውም። አንዱን ንባብ በ0.1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጽም፣ እነዚያን 10,000 ንባቦች በአንድ ሰከንድ አካባቢ ይጨርሳል። ሠራተኛው በእግሩ መመላለሱን ትቶ ፋይሉ ሁሉ በእጁ ሥር ሆነለት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም መዘግየት ከዲስክ አይመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ እንለካ። ለመለካት የሚያስፈልገን የእጅ ስልካችን ሰዓትና አንድ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው። ጊዜውን በሦስት ክፍል እንመዝግብ። የመጀመሪያው፣ ማብሪያውን ከተጫንንበት የዊንዶውስ ምልክት እስኪታይ ያለው ነው። ሁለተኛው፣ ከምልክቱ እስከ ይለፍ ቃል መጠየቂያው ነው። ሦስተኛው፣ የይለፍ ቃሉን ካስገባን በኋላ ማውሱ በእርግጥ እስኪታዘዘንና አንድ ሰነድ እስኪከፈት ያለው ነው። የትኛው ክፍል እንደረዘመ ካወቅን ምክንያቱን ለማግኘት ግማሹን መንገድ ሄደናል።

የመጀመሪያው ክፍል ከረዘመ ዊንዶውስን አትውቀሱት፤ ገና አልጀመረም። ከሁሉ በፊት የተሰኩ ነገሮችን ተመልከቱ። በጽሕፈት ቤቶቻችን ደንበኛ ረስቶት የሄደው ፍላሽ ሳይነቀል ያድራል። ኮምፒውተሩም ጠዋት «ምናልባት ሥርዓተ ክወናው በዚህ ላይ ይሆን?» ብሎ ፍላሹን ሲፈትሽ ይቆያል፤ አንዳንዴም እዚያው ይቆማል። ፍላሹን ነቅሎ ማስነሣትና በባዮስ ውስጥ ዋናውን ዲስክ በቅደም ተከተሉ አንደኛ ማድረግ በቂ ሊሆን ይችላል።

እዚሁ ክፍል ላይ ሌላም በእኛ ዘንድ የተለመደ ነገር አለ፤ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ሲአር 2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ሲለይ ሰዓቱንና ቀኑን የምትጠብቀው እርሷ ናት። መብራት በተደጋጋሚ ሲጠፋ፣ ወይም በየማታው ማከፋፈያውን ከግድግዳ ስንነቅል፣ ሸክሙ በእርሷ ላይ ይወድቃል። ስትደክም ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ «ኤፍ 1 ን ተጫኑ» ብሎም ይቆማል። እኛ በዘመን አቆጣጠራችን ከአውሮፓውያን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ብንሆን የራሳችን ምክንያት አለን፤ ኮምፒውተሩ ግን ወደ ኋላ ሲሄድ ድረ ገጾች አንከፈትም ይሉታል፤ የደኅንነት ማረጋገጫቸው በቀን የተገደበ ነውና። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ባትሪዋን መለወጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከረዘመ ዓይናችን ወደ ዲስኩ ይዙር። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ መዘግየቱ የመጣው በዓመታት ነው ወይስ በድንገት? በዓመታት ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ የፋይልና የፕሮግራም ብዛት ነው። በድንገት የመጣ ከሆነ፣ በተለይም የመንቋቋት ድምፅ ካለው፣ ወይም በየጠዋቱ ዲስክ እየመረመርሁ ነው የሚል ጽሑፍ ካወጣ፣ ዲስኩ ሊሞት ይችላልና በዚያው ሰዓት ሰነዶቻችሁን ገልብጡ። ዴስክቶፑን አትርሱ! ዲስኮች ስለ ጤንነታቸው ስማርት የተባለ መዝገብ ይይዛሉ፤ ያለ ክፍያ በሚገኙ ፕሮግራሞች ማንበብ ይቻላል። እኔ በዚያ ማለዳ አምስት ደቂቃ ተቀምጬ ይህን መዝገብ ባነበው ኖሮ የዚያ ተማሪ ጽሑፍ ባልጠፋ ነበር።

የመብራት መጥፋትም ከዚሁ ክፍል ጋር የተያያዘ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የተባለ ዘዴ አለ። ኮምፒውተሩን በወጉ ስንዘጋው የሥርዓቱን ዋና ክፍል እንዳለ በዲስክ ላይ ይጽፋል፤ በማግስቱ ሁሉንም ከመጀመሪያ ከመገንባት ይልቅ ያንን በአንድ ትንፋሽ ያነባል። ነገር ግን መብራት በድንገት ቢጠፋ ወይም ቸኩለን ከግድግዳው ብንነቅለው የሚጽፍበት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ በማግስቱ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል፤ ዲስኩንም ሊመረምር ይችላል። ዩፒኤስ ያለው ሰው የሚያተርፈው የተጻፈውን ሰነድ ብቻ አይደለም፤ የማግስቱንም ጠዋት ነው። ዩፒኤስ የሌለው ደግሞ ቢያንስ ማታ ሲወጣ በወጉ ይዝጋ፤ ስክሪኑ ስለጠቆረ ብቻ ሳይሆን የማሽኑ መብራት ጨርሶ መጥፋቱን አይቶ ይንቀል። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ያዙ፦ በዚህ ዘዴ ምክንያት ዘግቶ መክፈት ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ አያድሰውም፤ ችግር ሲኖር የሚያድሰው ሪስታርት የሚለው ነው።

ሦስተኛው ክፍል፣ የይለፍ ቃል ከገባ በኋላ ያለው፣ በአብዛኛው የራሳችን ሥራ ውጤት ነው። ፕሮግራም ስንጭን ሳናነብ «እሺ፣ እሺ» እያልን እናልፋለን። እያንዳንዱም በማለዳው ሰልፍ ውስጥ ራሱን ያስመዘግባል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ስታርትአፕ በሚለው ገጽ ላይ የሰልፈኞቹን ስም ዝርዝር ታገኛላችሁ። የማያስፈልገውን መርጣችሁ ዲስኤብል በሉት። ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ ስንጠራው ብቻ እንዲመጣ ያደርገዋል። የቪዲዮ ስብሰባ፣ የሙዚቃ፣ የጨዋታ ፕሮግራሞች ማለዳ ላይ ምንም ሥራ የላቸውም። አንቲቫይረሱንና የግዕዝ መጻፊያውን ግን ተዉአቸው። በአንድ ማሽን ላይ ሁለት አንቲቫይረስ መጫንም ጥበቃን አይጨምርም፤ ሁለት ዘበኞች አንዱ የፈተሸውን ሌላው እንደገና ሲፈትሽ እንግዳው በር ላይ ይቆማል። «ኮምፒውተርዎን እናፈጥናለን» የሚሉትን ፕሮግራሞች ደግሞ ተጠራጠሩ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው በሰልፉ ላይ ተጨማሪ ሰው ናቸው።

አሁን ወደ ፎርማት ልመለስ። ፎርማት የተከለከለ ነገር አይደለም፤ ሥርዓቱ በቫይረስ ሲበላሽ ሊያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን በእኛ አገር ከሌላው ይልቅ ዋጋው ከፍ ያለበት አንድ ምክንያት አለ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው ደግሞ በቪስታ ጊዜ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ በአማርኛ የምንጽፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። በቀድሞው አሠራር ፊደሎቻችን የሚቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ስለነበር፣ ያው ፎንት በማሽኑ ላይ ከሌለ ሰነዱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ፎርማት ሲደረግ ፎንቶቹ አብረው ይሄዳሉ። የተረፈው ሰነድ እንኳ እስከሚመለሱ ድረስ አይነበብም። ያቺ የጽሕፈት ቤት ባለቤት በፍላሽ ያዳነቻቸውን የቆዩ ውሎች ከፍታ ስታይ የደነገጠችው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚያን ፎንቶች ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብናል።

የተሻለው መንገድ ይህ ነው። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ዝግተኛ ብቻ ከሆነ፣ ኤስኤስዲ ገዝታችሁ የነበረውን እንዳለ ወደ እርሱ አስገልብጡ፤ ባለሙያዎቻችን ክሎን የሚሉት ይህን ነው። ሰነዱም፣ ፎንቱም፣ ፕሮግራሙም አብሮ ይመጣል። በሳታ መስመር የሚሠራው ኤስኤስዲ ከአሥር ዓመት በላይ በሆናቸው ማሽኖች ላይ እንኳ በአብዛኛው ይገጥማል። የቀድሞውን ዲስክ ወዲያው አትደምስሱት፤ ጥቂት ወራት በመሳቢያ ይቀመጥ። ራሙም ከ4 ጊጋባይት በታች ከሆነ እርሱን መጨመር ተገቢ ነው፤ ራም ሲያንስ ኮምፒውተሩ ዲስኩን እንደ ራም ሊጠቀምበት ስለሚገደድ።

አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፦ «ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ስላበቃ ማሽኑን መጣል አይሻልም ወይ?» ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ይህ የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ በቸልታ የሚታይ አይደለም። ግን ከፍጥነት ጋር አይምታታ። ድጋፉ ያበቃበት ማሽን በዚያ ቀን አልዘገየም። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ካለው ይሻገር፤ ከሌለው እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊኑክስ ይታሰብለት፤ የቀድሞ የግዕዝ ሰነዶች ያሉበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ከኢንተርኔት ለይቶ ለዚያ ሥራ ብቻ ማቆየት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ብሎ መድከም ይገባልን? በ1983 እ.ኤ.አ. የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲሠራ ስቲቭ ጆብስ ከመሐንዲሶቹ ወደ አንዱ ሄዶ የማስነሻውን ጊዜ በ10 ሰከንድ እንዲያሳጥር እንደጠየቀ የሥራ ባልደረባው አንዲ ኸርትዝፌልድ ጽፏል። ክርክሩ በስሌት ነበር፦ 5 ሚሊዮን ሰዎች በየቀኑ ቢጠቀሙበት በቀን 50 ሚሊዮን ሰከንድ ይድናል። በዓመት ሲሰላ ከ570 ዓመት የሚበልጥ የሰው ዕድሜ ነው። እኛም የራሳችንን እናስላ። አሥር ኮምፒውተሮች ያሉት ቢሮ እያንዳንዱ በየጠዋቱ 6 ደቂቃ ቢያስጠብቀው በቀን አንድ ሰዓት፣ በ250 የሥራ ቀናት 250 ሰዓት ይሆናል። ይህ የአንድ ሠራተኛ 31 የሥራ ቀን ነው። በዚህ ውስጥ በመስኮቱ ፊት የቆመው ባለ ጉዳይ ገና አልተቆጠረም። ከገጠር በማለዳ ተነሥቶ፣ በመናኸሪያ በኩል አልፎ፣ «ሲስተሙ አልተነሣም» የተባለው ሰው ጊዜ የሚመዘገብበት ታስክ ማናጀር የለም።

ያቺ ጽሕፈት ቤት ዛሬም በሥራ ላይ ናት። አዲሱ ዲስኳ ኤስኤስዲ ነው፤ የመነሻ ጊዜውንም አብረን ስንለካው አንድ ደቂቃ አልሞላም። ባለቤቷ በጠረጴዛዋ ላይ አንዲት ደብተር አስቀምጣለች፤ የትኛው ሰነድ በየትኛው ፍላሽ እንደተገለበጠ በየዓርቡ ትጽፍባታለች። ይህን ያስተማርኋት እኔ አይደለሁም፤ ከኔ ስሕተት በኋላ ራሷ የጀመረችው ነው። ተማሪዎቼን ወደ እርሷ ሱቅ ይዤ የሄድሁት ደብተሯን እንዲያዩ ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ነገ ጠዋት ኮምፒውተራችሁን ስታበሩ ወደ ቡናው ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ሦስቱን ክፍሎች ለኩ፤ በወረቀትም ጻፉ። ወደ ባለሙያ ስትሄዱም «ዘግይቶብኛል» ብቻ ሳይሆን «ከዚህ እስከዚህ ይህን ያህል ይፈጃል» በሉት። ባለሙያውም ሳይመረምር፣ ሰነዳችሁም በሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ፎርማት እናድርገው ቢላችሁ፣ ዶክተርም ቢሆን እሺ አትበሉት።